ዝም የሚባልበት ክፍል

ሰኞ 3

እጄ ይሸታል። በሳሙና ታጠብኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ በመጨረሻም በአሸዋ ፈተግኩት። ይሸታል። እንዲህ ያለ ሥራ ነው ዛሬ የጀመርኩት።

ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ገደሉ ሥር ነው። ሊጠፉ የተቃረቡ ጥንብ አንሳዎችን ያጠናሉ፣ ያሳድጋሉ፣ ይለቃሉ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ እንደጨረሰች እዚህ ገባች፤ ገደሉ ላይ ስትሠራ ሞተች። ሥራ አስኪያጁ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ «የልጅዎ ቦታ ለእርስዎ ክፍት ነው» አለኝ። ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ መረቀው። የእሷ ቦታ እኮ ገደሉ ላይ ነበር፣ በገመድ። እኔን ያስቀመጠኝ ሥጋ መክተፊያው ጋ ነው። ዕድሜዬን በትምህርት ቤት ኩሽና ስከትፍ ኖሬያለሁ፤ አሁን ከሽንኩርት ወደ ሸተተ ጥንቸል ተዛወርኩ። ዕድገት ነው መሰለኝ።

እህቴ ለምን እሺ እንዳልኩ ጠየቀችኝ። ቤት መዋል ሰልችቶኝ ነው አልኳት። ውሸት ነው። እንቁላሉን ማየት ፈልጌ ነው።

ረቡዕ 5

አየሁት። ማስፈልፈያ ማሽን ውስጥ፣ መስታወት ቤት ውስጥ፣ ሙቀቱ እየተለካለት ተኝቷል። ጡጫዬን ያህላል። የቆሸሸ ነጭ ነው፤ አንድ ጎኑ ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ አለው።

እናትና አባቱ በአንድ ቀን ነው ያለቁት። አንድ ከብት አርቢ ለቀበሮ ብሎ መርዝ የነሰነሰበትን የከብት ሬሳ በልተው። እንቁላሉ ገደሉ ላይ ብቻውን ቀረ፤ ልጄ ልታወጣው ወረደች። እንቁላሉ ወጣ።

የጣቢያው ሐኪም፣ ወጣት ሴት ናት፣ ማሽኑን ከፍታ እንቁላሉን አገላበጠችው። «ቀስ!» ብላ ለራሷ ተናገረች። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። የልጄን ሬሳ እንድለይ ያስገቡኝ ክፍል ብርድ ነበር። ሄጄ መክተፊያዬ ላይ ቆምኩ።

ቅዳሜ 8

ተፈለፈለች።

ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በመስታወቱ ሲያይ፣ ሲተቃቀፍ ነበር። ሐኪሟ አለቀሰች። እኔም ተጠግቼ አየሁ። እርጥብ፣ አንገቷ የተላጠ፣ ዓይኗ ያበጠ፣ ሆዷ የተነፋ ነገር። ከቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የወጣ ጨርቅ ትመስላለች። አፏን ትከፍታለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ትከፍታለች።

ልጄ በዚህ ተለወጠች።

ማክሰኞ 11

የማበላት እኔ እንድሆን ተወሰነ። እጄ አይንቀጠቀጥም ብላ ሐኪሟ ናት የመረጠችኝ። እሷ ራሷ የእንስሳት ሐኪም ናት፣ ከልጄ ብዙ አትበልጥም፤ እትዬ ትለኛለች፣ እርስዎ ትለኛለች፣ ስትቆጣ ቅንድቧ ይገናኛል።

ጫጩቷ ያለችበትን ክፍል «ዝም ክፍል» ይሉታል። በሩ ላይ በትልቁ «ዝም!» የሚል ተለጥፏል። ግድግዳው ላይ ቀዳዳ አለ፤ በዚያ እጄን አስገባለሁ። እጄ ላይ ጓንት አለ፤ የጓንቱ ጫፍ የትልቅ ጥንብ አንሳ ራስ ተደርጎ የተሰፋ ነው፣ ምንቃሩም ዓይኑም ሳይቀር። በምንቃሩ ሥጋ ይዤ እዘረጋላታለሁ። እኔን አታየኝም። ጓንቱን ነው እናቴ የምትለው።

«ድምፅ የሚባል ነገር የለም፣ እትዬ» አለችኝ ሐኪሟ። «ማስነጠስ ከመጣብዎት እንኳ ወጥተው። የሰው ድምፅ ከለመደች ሰውን እናቴ ትላለች። ሰውን እናቴ ያለች አሞራ ደግሞ ስትለቀቅ ሄዳ ሰው ጓሮ ታርፋለች። መርዙም ዱላውም ያለው እዚያ ነው።»

«ሳህን ወድቆ ሲሰበርም ዝም የምል ሰው ነኝ» አልኳት።

ሥጋውን በውኃ አርሼ፣ ቆዳውን አንስቼ፣ አጥንቱን ደቅቄ አዘጋጃለሁ። ሲደቅ የሚወጣው ነገር እጅጌዬ ላይ ይረጫል። ትናንት ከንፈሬ ላይ አረፈ። ውጭ ወጥቼ ሆዴ ባዶ እስኪሆን አስመለስኩ። ገመዴ የሚሉት የገደል ሠራተኛ አይቶኝ ውኃ ይዞ መጣ። አልተቀበልኩትም።

ዓርብ 21

ስለ ገመዴ ልጻፍ። ብዙ ቀን ላልጽፍ ብዬ ነበር።

ቅጽል ስሙ ነው። የገደል ሥራ አጋሯ ነበር፤ እሷ ስትወርድ ከላይ ሆኖ ገመድ የሚይዝ። ያን ቀን ሁለት ገመድ ነበር፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ እንቁላሉ ላለበት ሣጥን። እሱ መጀመሪያ የሳበው ሣጥኑን ነው። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም፤ ማወቅም አልፈልግም። ሣጥኑን ነው የሳበው።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ከዘበኛው ጋር እየበላ ሲስቅ ሰማሁት።

«የኛ ሥራ ጥቅሙ ምንድን ነው መሰለህ?» ይላል ዘበኛው። «አውቶቡስ ውስጥ ሁልጊዜ ወንበር ታገኛለህ። አጠገብህ የሚቀመጥ የለማ!»

«አንተስ ዘበኛ ነህ፣ ምን ሸተትክ?»

«ከናንተ ጋር እየዋልኩ ነዋ!»

ገመዴ እንጀራ አባቱ የሞተለት ይመስል ተንከተከተ። ጉንጩ በምግብ ተወጥሯል። ሳየው ቀፈፈኝ። ሰው እንዴት አፉን ሞልቶ ይስቃል? ቀና ብሎ አየኝና ሳቁን ዋጠው። «እናቴ፣ ነይ ብዪ» አለኝ።

«እናትህ አይደለሁም» አልኩት።

ዘበኛው ሳህኑን ይዞ ተነሳ።

እሑድ 7

ለሁለት ሳምንት አልጻፍኩም። ከሥራ ስገባ ብዕር ለመያዝም እጄን እጸየፈዋለሁ።

እህቴ መጥታ ዋለች። ቤቱን በሙሉ አጠበችልኝ፣ መጋረጃውን አወረደች፣ ቀሚሶቼን በረንዳ ላይ አሰጣች። ሁሉንም ያደረገችው አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና ነው። ከዚያ ቁጭ አለችና፦

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ አንቺ ንገሪኝ።»

«ልጇን የገደላትን አሞራ በእጇ ታበላለች ይላል። አበደች ይላል።»

«በእጄ አይደለም፣ በጓንት ነው።»

«ቀልጂ! ቀልጂ! ልጅሽም እንዲህ ነበር የምትመልሰው፤ አፏ እንደ ምላጭ።»

ይሄን ብላ ልቅሶዋ መጣ። እህቴ ልጄን ከኔ እኩል ነው ያሳደገቻት፤ እሷ ስታለቅስ እኔ ነኝ አባባይ የምሆነው፤ እሱም ይሰለቸኛል። ውሸት የለውም ልቅሶዋ፤ ግን አፍንጫዋን ስትናፈጥ ያለው ድምፅ አስጠላኝ። ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ? የገዛ እህቴ ንፍጥ ያስጠላኛል፤ የዚያች ጫጩት ኩስ ግን አሁን አሁን አይሸተኝም።

ሐሙስ 18

እንግዶች መጡ። ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ገና በር ሳይደርስ ሽቶው ይደርሳል። ጣፋጭ ነገር የፈሰሰበት ምንጣፍ ነው የሚሸተው። ከጥንቡ ይልቅ ያቅለሸልሸኛል። ጥንብ ቢያንስ የሆነውን ነው የሚሸተው።

በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ አስጎበኛቸው። የልጄ ፎቶ አለበት፣ ሄልሜት አድርጋ እየሳቀች። ሄልሜቷን ራሱን ደግሞ መስታወት ሣጥን ውስጥ አድርጎታል። ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ እንዳይታይ በስተኋላ አዙሮ አስቀምጦታል። አዘውትሬ ሳልፍ አላየሁትም ነበር፤ ዛሬ ከእንግዶቹ ጋር ቆሜ አየሁት።

«እናቷም አብራን ነች!» አለና በትከሻዬ አቅፎ አቆመኝ። ቢላዬ እጄ ላይ ነበር፤ ሽርጤ ደም ነበር። ደስ አላቸው። አንዷ ሴት እንባዋ መጥቶ እጄን በሁለት እጇ ጨበጠችኝ፤ እኔም ልቤ ሊራራ ሲል ዞር ብላ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ እጇን ጠረገች። ጣቶቿን አንድ በአንድ።

ጫጩቷን በካሜራ አሳያቸው። ስም ይወጣላታል አለ። የማን ስም እንደሆነ ሳልጽፈው ይገባል።

ቅዳሜ 20

ሐኪሟ ዛሬ ጠየቀችኝ፤ ዝም ክፍል ውስጥ ድምፅ ሰምተው ያውቃሉ ወይ ብላ። ጽዳት የምትሠራዋ በበሩ ስታልፍ የሆነ ነገር የሰማች መስሏታል።

አንድ ቃል አልተናገርኩም። ማንጎራጎር ንግግር አይደለም። ያውም አፌን ሳልከፍት በአፍንጫዬ ነው። ሥጋ ስዘረጋ የለመድኩት ነው፤ በትምህርት ቤቱ ኩሽናም ሁሌ እያንጎራጎርኩ ነበር የምሠራው። አንዳንድ ቀን ደግሞ አልበላም ስትል፣ አንገቷን ወደ ግድግዳ ስትመልስ፣ «ብዪ» የምትል ቃል ሳታስበው ከሰው አፍ ታመልጣለች። ይሄ ንግግር አይባልም።

ለሐኪሟ አልሰማሁም አልኳት።

ልጄ ስታንቀላፋ እንደዚያው አንገቷን ወደ ግድግዳ ትመልስ ነበር።

ማክሰኞ 7

የደም ምርመራው ውጤት መጣ። እነዚህን አሞራዎች በዓይን ወንድ ሴት ማለት አይቻልም፤ ደም ተልኮ ነው የሚታወቀው። ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ ወደ መክተፊያው መጣች።

«ወንድ ነው፣ እትዬ።»

«ማ?»

«ጫጩቱ ነዋ።»

ሥራ አስኪያጁ ሰምቶ ሳቀ። «ስሙን አንለውጠውም» አለ። «ሰሌዳው ታትሟል። ጎብኚ አሞራ ገልቦ አያይ!»

ዘበኛው እንኳ አልሳቀም።

እህህ። ወንድ ይሁን። እኔን አይመለከተኝም። ዛሬ ከዕለት ድርሻዋ በላይ በላች፤ ክንፏ ላይ ጥቁር ላባ መውጣት ጀምሯል፤ ስትዘረጋው ግድግዳውን ትነካለች።

ረቡዕ 22

ልጻፈው። ካልጻፍኩት አልተኛም።

ዛሬ የሚዛን ቀን ነበር። ጫጩቷን ለመመዘን ስንገባ ከራስ እስከ እግራችን ግራጫ ጨርቅ እንለብሳለን፣ ሰው እንዳንመስል። ሁልጊዜ ወደ ጥግ ትሸሽና እንደ እባብ ትተነፍስብናለች። እንደዚያ መሆን አለበት። ሐኪሟ ከፊት፣ እኔ ሚዛኑን ይዤ ከኋላ። የውኃው ባልዲ እግሬን አደናቀፈኝ። «ኧረ!» አልኩ። በቃ ይቺን ነው ያልኩት።

ጫጩቷ ከጥጉ ተነስታ እየተንገዳገደች ወደ እኔ ሮጠች። ሁለት ክንፏን ዘርግታ። ራሷን በጨርቁ ላይ ብብቴ ሥር ቀበረችና ዓይኗን ጨፈነች።

ሐኪሟ ውጭ እስክንወጣ አልተናገረችም። ጨርቁን ከራሷ ላይ ስታወልቀው ፀጉሯ ቆሞ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ምኑ እንደሆነ ታውቂያለሽ!» እርስዎነቱ ቀረ። «ምንድን ነው ስትያት የነበረው?»

«ምንም። ብዪ ነው።»

«ብዪ ብቻ?»

ሚዛኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«እትዬ!»

«ብዪ የኔ እናት» አልኳት።

ሐኪሟ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ትሳቅ ታልቅስ ያልታወቀ ድምፅ አወጣች። «አንቺ እሷን እናቴ ትያለሽ» አለች፣ «እሷ ደግሞ አንቺን። እኔ ከናንተ መሀል ምን ልሁን?» ከዚያ ፊቷን በጨርቁ ጠረገች። «ይቺን አሞራ ማን እንዳወጣት እኔ ነኝ ለአንቺ መንገር ያለብኝ? ለመልቀቅ እኮ ነው ልጅሽ ያወጣቻት። ለመልቀቅ!»

እጄ ይሸታል።

ዓርብ 24

ሥራ አስኪያጁ ሰማ። ይቆጣል ብዬ ነበር። ቢሮው አስጠራኝ፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ።

«እንዲያውም ጥሩ ነው» አለኝ። «ሰው የማይፈራ አሞራ ስንፈልግ ነበር። በሩ አጠገብ መረብ ቤት እናሠራለታለን። ጎብኚ ይመጣል፣ እርስዎ ይጠሩታል፣ ይመጣል፣ ብብትዎ ሥር ይገባል። አስቡት! እናት፣ የልጇ ስም ያለው አሞራ... ሕያው መታሰቢያ!»

«እስከ መቼ ነው እዚያ የሚኖረው?»

«እስከ ዕድሜው መጨረሻ ነዋ። እነሱ ብዙ ይኖራሉ።»

ሻዩን ገፋ አድርጌ ተነሳሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ጥንብ ስቆርጥ፣ ትል ስለቅም፣ ሞራ ስፍቅ ማስመለስ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ እዚያ ኮሪደር ላይ፣ በሽቶው ውስጥ፣ አስመለስኩ።

በሽቦ ውስጥ። የእሷን ስም ተሸክማ። ሶፍት የያዙ ሴቶች እያዩዋት። እኔ ደግሞ ጎበዝ እንደተባለ ውሻ እየጠራኋት።

ያመጣሁባት እኔ ነኝ።

ሐሙስ 7

ሐኪሟ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተጣልታ የጊዜ ገደብ አመጣች። ዱር ያሉት አሞራዎች ገደሉ ላይ ተሰብስበው የሚሰነብቱት እስከሚቀጥለው ወር አጋማሽ ነው። እስከዚያ ከሰው መሸሽ ከተማረች ከእነሱ ጋር ትለቀቃለች። ካልተማረች መረብ ቤቱ።

እንዴት ትማራለች? በማስደንገጥ። ሰው ሆኖ፣ ጨርቅ ሳይለብስ ገብቶ፣ ቆርቆሮ መደብደብ፣ መጮህ፣ ውኃ መርጨት፣ በመረብ መያዝ፣ ማገላበጥ። አሁን ያለችው ከጣቢያው በስተኋላ ባለው ሰፊ መረብ ውስጥ ነው፤ እኔ ከመረቡ ጎን ካለው ግንብ ወዲህ እንዳልታይ ተደርጌ ተቀመጥኩ። ገመዴ ገባ።

ቆርቆሮ ሲደበድብ ጆሮዬን ያዝኩ። ጮኸ፣ ሰደበ፣ ውኃ ደፋባት። እሷ ምን አደረገች? ከእሱ ሸሽታ ወደ ግንቡ መጣች። በወዲያ በኩል፣ እኔ ባለሁበት ትክክል፣ ግንቡን ተጠግታ ቆመች። እንዴት እንዳወቀች አላውቅም። ትንፋሼን ሰምታ ይሆናል።

ገመዴ ላቡ ጠብ እያለ ወጣ። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሁለታችንም ግንቡን እያየን ነበር።

«አልፈራችኝም» አለ።

«አይቻለሁ።»

«ሣጥኑን አስቀድም ያለችኝ እሷ ናት» አለ። አልጠየቅኩትም ነበር። «ይቀዘቅዛል፣ ሳበው አለችኝ። ሣጥኑ እጄ ሲገባ ነው ድንጋይ ከአናታችን ተነስቶ እሷ ላይ የወረደው።»

«ገመዷስ?»

«አልተበጠሰም። አልለቀቅኳትም። ብቻዬን ነው ያወጣኋት።»

መዳፉን ገልብጦ አላሳየኝም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። ገመድ የበላው ጠባሳ ከአውራ ጣቱ እስከ ክንዱ ይወርዳል። ስንት ወር አብሮኝ ሲሠራ፣ ውኃ ሲያቀብለኝ፣ ያን እጅ አይቼው አላውቅም።

እናቴ ቢለኝ ምን እንደምል አስቤ ነበር። አላለኝም።

ቅዳሜ 9

ሐኪሟ እንደ ድሮዋ እርስዎ ብላ መጣች፣ ቀስ ብላ።

«ከእርስዎ ካልሸሸች ከማንም አትሸሽም።»

«አልችልም።»

«ፊትዎን ገልጠው፣ በድምፅዎ። ሌላ የሚሆን የለም።»

«መምታት ነው የምትዪኝ?»

«አይመቷትም። ያስደነግጧታል። የምር ስትደነግጥ የበላችውን ትተፋለች፤ እነዚህ አሞራዎች የሚፈሩትን ነገር የሚያባርሩት እንደዚያ ነው፤ ትፋታቸው እንኳን ሰው ጅብም አያስቀርብ። ከተፋችብዎት ፈርታለች ማለት ነው። እስከዛሬ በማንም ላይ ተፍታ አታውቅም።»

«እኔ ላይ እንድትተፋ ነው የምትፈልጊው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

ከዚህ የባሰ የሚያስጠላ ነገር ማንም ለምኖኝ አያውቅም።

ለእህቴ በስልክ ነገርኳት። ሳቀች መጀመሪያ፣ ከዚያ «እና ምን ልታደርጊ ነው?» አለች።

«መረብ ቤቱ መሠራት ጀምሯል» አልኳት። «ዛሬ ሽቦ ሲራገፍ ነበር።»

ማክሰኞ 12

ገባሁ። ጓንት የለ፣ ጨርቅ የለ። ቆርቆሮና ጭልፋ ይዤ፣ የውኃ ባልዲ በሌላ እጄ።

ፊቴን አይታ አታውቅም። ራሷን አዘንብላ አየችኝ። ቆሜ ሳለሁ ሳላስበው ጉሮሮዬን ጠረግኩ። በዚያው አወቀችኝ። እየዘለለች መጣችና ራሷን ብብቴ ሥር ከተተች። አንገቷ ይሞቃል። ላባ ያልበቀለበት ቦታ አለ፣ ለስላሳ ነው፣ የጆሮ ጀርባ ይመስላል።

ቆርቆሮውን መታሁ። ጨዋታ መሰላት። ደግሜ መታሁ። ጮህኩ፤ ድምፄ እንደ ሙሾ ወጣ እንጂ እንደ ቁጣ አልወጣም። ይበልጥ ተጠጋችኝ። ከመረቡ ውጭ ሐኪሟና ገመዴ ተደብቀው ያያሉ። አልችልም ብዬ ልወጣ ነበር። ዞር ስል በሽቦው በኩል አዲሱ መረብ ቤት ታየኝ፣ ምሰሶው ቀለም ተቀብቶ።

ባልዲውን ፊቷ ላይ ደፋሁት። በክንፏ ይዤ ገለበጥኳት። በጀርባዋ ወደቀች፣ እግሯ ወደ ላይ። «ሂጂ!» አልኩ። «ጥፊ ከዚህ! አስቀያሚ! ግም!» መጀመሪያ ማስመሰል ነበር። በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም። ጭልፋውን ቆርቆሮው ላይ እያወረድኩ «ልጄን የበላሽ!» ስል ሰማሁት፤ የራሴ ድምፅ መሆኑን ያወቅኩት ጉሮሮዬ ሲቆስል ነው። «ልጄን የበላሽ! ለአንቺ! ለአንቺ ብላ! ምን አለሽ አንቺ! ምን አለሽ!» ተነስታ ልትጠጋኝ ስትል ደግሜ ገለበጥኳት። ይሄን ሁሉ ወር እያበላሁ ውስጤ ይዤው የዞርኩትን ነው የሰማችው። ማንም ሰው ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም፤ ልጄ ላይም።

አሞራው ጥጉ ላይ ተለጠፈ። ክንፉን አነሳ። እንደ እባብ ተነፈሰ። አንገቱ ሲያብጥ አየሁት፤ አፉን ከፈተና ተፋብኝ።

ከደረቴ እስከ ጉልበቴ። ትኩስ ነበር። ጠዋት የከተፍኩለትን ጥንቸል ቁርጥራጭ ሳይቀር አወቅኩት። ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ።

ወጣሁ። ሐኪሟ «ተፋ?» አለችኝ፣ እያየችኝ።

«ተፋብኝ።»

አፏን በእጇ ይዛ ዞረች። ገመዴ የውኃውን ጎማ ስቦ መጣ። እንደቆምኩ አጠበኝ፤ ራሴን፣ አንገቴን፣ ጀርባዬን። በዚያ ጠባሳው እጁ ከፀጉሬ ውስጥ አጥንት ለቀመልኝ። ራሴን ዝቅ አደረግኩለት።

ቅዳሜ 23

ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሁለተኛ ጊዜ ቆርቆሮ አላስፈለገኝም። በሩን ስከፍት ነው የተፋው።

ምግብ በቀዳዳ የሚጥልለት ገመዴ ነው አሁን። እኔ እከትፋለሁ፣ በሳህን አደርጋለሁ፣ አቀብላለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ደስ አላለውም። «ሽቦው ተገዝቷል እኮ» ይላል። ሐኪሟ ዶሮ አርቡበት አለችው። ሰሌዳውን ግን አሁንም አላወረደም፤ እንግዳ ሲመጣ አሞራው የተለቀቀው «በእናትየዋ ፍቅር ነው» እያለ ሊያወራ ነው። ይበል። ያየው ነገር የለም። የፍቅርን ሽታ ቢያውቀው በዚያ ሽቶው አፍንጫውን ይደፍን ነበር።

ሰኞ 9

ዛሬ ነበር።

ገደሉ ጫፍ ላይ ያለውን ማቆያ ከፈቱት። ሁላችንም ከድንጋይ ኋላ ተኝተናል፤ ሐኪሟ፣ ገመዴ፣ እኔ። ቦታው የት እንደሆነ ገመዴ ቀድሞ ነግሮኛል። ልጄ የወረደችው ከዚያ ነው። ወደ ጫፉ አላየሁም።

የዱር አሞራዎቹ ከላይ ይዞራሉ። እሱ ወጣ። ጥቂት ተራመደ፣ ያስቀመጡለትን ሥጋ ነካ አደረገ፣ ላባውን አስተካከለ። ከዚያ ቆመ። ፀሐይ ወጣች፣ ነፋሱ መጣ፣ የዱሮቹ ወረዱ ወጡ። ይሄኛው ቆሟል። ወደ ማቆያው በር ዞሮ ማየት ጀመረ። ሐኪሟ በሹክሹክታ «ሊመለስ ነው» አለች። «ከተመለሰ አለቀ።»

አንድ እግሩን በሩ ውስጥ አስገባ።

እኔ ተነሳሁ። ገመዴ ቀሚሴን ሊይዝ እጁን ሰደደ፣ ተወው። ከድንጋዩ ወጥቼ ፊቴን ወደ እሱ አድርጌ፣ ሜዳው ላይ፣ በሙሉ ቁመቴ ቆምኩ። ድምፅ አላወጣሁም።

አየኝ።

ሸሸ። በገደሉ ጫፍ፣ በአየሩ ላይ፣ ክንፉን ሙሉ ዘርግቶ፣ አንድ ጊዜም ሳይዞር።